ወደ ወደብ የሚራመዱት ነጥቦች

ማኅበሩ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፏል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያነበበችልኝ መሣሪያ ጠጋኟ ናት። በዓሣ ፈላጊ ማሽን ላይ ስለሚቀመጡ ነጥቦች የወጣ ምክር ነው አለችኝ። አራት መስመር ናት። ለነጥቦቻችሁ ስም ስጡ፣ የተደጋገመውን አጥፉ፣ ግልባጭ ያዙ፣ የአደጋ ምልክትን ለአደጋ ብቻ አድርጉ። ከሥሩ ሊቀመንበሩ «በማኅበሩ ጥናት የተዘጋጀ» ብሎ ፈርሞበታል።

የምን ጥናት? ማን አጠና? ሄጄ ስጠይቀው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «እማማ፣ እርስዎ መረብዎን ይስፉ፤ ይሄ የማሽን ነገር ነው» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ጅቡ የመጣ ጊዜ አፍንጫውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ማህተሙን ይወለውል ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ፤ ጠጋኟ ትጽፋለች። አንድ ቃል ብትቀንስ ደግሜ አስነብባታለሁና እይዛታለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ፣ ከሦስተኛው የጀልባ ማሰሪያ ብረት ሥር ተቀምጬ መረብ ሰፍቻለሁ። ባለቤቴ ጀልባ ነበረው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጉም በጣለበት አንድ ጠዋት፣ ከሥራ ሲመለስ ውሃ ውስጥ ወደቀ። አልወጣም። አስከሬኑም አልተገኘ። የወደቀው ጥርሶቹ ከሚባሉት ድንጋዮች ፈንጠር ብሎ ነው። ጥርሶቹን የማያውቅ ካለ፣ ወደብ አፍ ላይ ውሃው የሚሸፍናቸው ሹል ድንጋዮች ናቸው፤ ስንቱን ጀልባ አኝከዋል። ከዚያ በኋላ ጀልባውን የያዘው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። መልሕቅ እንለዋለን፤ አንዴ አይሆንም ካለ ሰባት ሰው አይነቅለውም። አንድ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ ከሱ ጋር ይሠራል። ሌላ ልጅ የለኝም።

ያን ቀን ሲባጎ አለቀብኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያቺን ጀልባ ረግጬ አላውቅም። ሲባጎው ግን እዚያው ቀርቶ ነበርና፣ ልቤን ጨክኜ ወጣሁ። የመሪው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው መልሕቅ ነው። ሌላዋ ጆሮዋ ላይ ካቻቢቴ የሰካች ቀጭን ልጅ ናት። ተምራ የመጣችው መሣሪያ ጠጋኝ ይቺ መሆኗን የዚያን ለት ነው ያወቅኩት።

«አባባ፣ ማሽኑ አልተበላሸም» ትላለች። «ሞልቷል። ሌላ ነጥብ አልቀበልም ነው የሚልዎት።»

«ከሞላ አስፊው!»

«ጎተራ አይደለም እኮ አባባ፣ በጭቃ ለጥፌ የማሰፋው። የማያስፈልገውን እናጥፋለት።»

«የማያስፈልግ የለውም። አንዷን ብትነኪ እጅሽን እቆርጠዋለሁ!»

«እጄን ከቆረጡት ማን ይጠግንልዎታል?» አለች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ወደድኳት።

ገባሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ ያን ማሽን አብሬው ስላየሁ አውቀዋለሁ። ጥሩ ዓሣ ያለበት ቦታ ሲደርስ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ማሽኑ ቦታውን ነጥብ አድርጎ ያስቀምጣል። ሌላ ቀን ነጥቧን መርጦ ቢከተል በጉምም ቢሆን እዚያው ያደርሰዋል። እኔ ማንበብ ስለማልችል ለኔ ሲል በሥዕል ይለያቸው ነበር። ዓሣ ያለበት ላይ የዓሣ ሥዕል። መልሕቅ የሚጣልበት ላይ የመልሕቅ ሥዕል። ጥርሶቹ ላይ ብቻ የራስ ቅል። የራስ ቅሉ ሲቀርብ ማሽኑ እንዲጮህ አድርጎ ነበር።

አሁን ሳየው ግን ማሽኑ የመቃብር ቦታ ሆኗል። የራስ ቅል፣ የራስ ቅል፣ የራስ ቅል። ደግሞ የተበተነ አይደለም። እንደ እግር ዱካ ተሰልፏል። ከሰፊው ውሃ ይነሳል፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ እየቀደመ ወደ ወደቡ ይመጣል። 

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ።

ልጄ ከኋላዬ ገመድ ሲጠቀልል ነበር። እሱ ነው የመለሰልኝ፤ በሹክሹክታ። «እማዬ፣ አባዬ ነው። ወደ ቤት እየመጣ ነው።»

«አፍህን ዝጋ!»

«እውነቴን ነው። አባዬ የወደቀ ጊዜ ጋሼ ቦታውን ነጥብ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከሰፊው ውሃ በተመለስን ቁጥር፣ በወር አንዴ ሁለቴ፣ እዚያው ቦታ ላይ ስንደርስ ሰላምታ ብሎ ቁልፉን ይጫናል። ቦታው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየጊዜው ወደ ወደቡ ይጠጋል። ሠራተኞቹ እዚያ ስንደርስ አያወሩም። እኔም አላወራም።»

መልሕቅ ወደ ውሃው ዞሮ ቆመ። «ወንድሜ ነው» አለ። «የሞተ ሰው መንገድ አይጠፋም።»

ጠጋኟ ቆጠረች። ስልሳ አንድ የራስ ቅል። ከነዚህ አራቱ ባሌ ጥርሶቹ ላይ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ የቀሩት ሃምሳ ሰባቱ የመልሕቅ ሰላምታዎች። ማሽኑ የቱ ለቅሶ፣ የቱ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ በምን ይወቅ?

«አባባ፣ የራስ ቅል በቀረበ ቁጥር መጮህ አለበት። ለምን አይጮህም?» አለች።

«ሃምሳ ጊዜ እየጮኸ አላስቀምጥ ቢለኝ ድምፁን ዘጋሁት።»

«ጥርሶቹ ጋም አይጮህማ!»

«ጥርሶቹን በማሽን አይደለም የማውቃቸው። አባቴ እንዳሳየኝ በዓይኔ ነው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ሦስት ቀይ ቀለበቶች አሉ። ሦስቱ ተለይተው የተቆጠሩ ለት መሪውን ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ወንድሜም የወደቀው ልክ እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማሽን ያስፈልጋል?»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ በል። ልጅቷ ያወቀችው ማሽኑን ነው። ልጄ ያወቀው ፍርሃቱን ነው። የሰልፉን አካሄድ ያየ ግን ማንም አልነበረም። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ያየሁት ቋጠሮ ነው፤ በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ያለውን ርቀት። የነጥቦቹ ሰልፍ መጀመሪያው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አሥራ አምስት የሚሆኑት ተደራርበዋል። ከዚያ ትንሽ ይሳሳል። ከዚያ ይሳሳል። መጨረሻ ላይ ያሉት ስድስቱ የተራራቁ ናቸው። የመጨረሻው ከጥርሶቹ አፍንጫ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ይህን የመሰለ ሥራ አይቻለሁ። ታላቅ እህቴ መረብ ሰፊ ነበረች፤ ከመታወሯ በፊት ቋጠሮዋ እንዲህ ነበር የሚሳሳው።

ግን አልተናገርኩም። ላልተጠየቀ ሰው አፍ መክፈት ጥርስ ማስቆጠር ነው።

«ነገ ከናንተ ጋር እወጣለሁ» አልኩ።

መልሕቅ ሳቀ። «እትዬ፣ ሦስት ዓመት እግርሽን ያላነሳሽ ሴትዮ?»

«ነገ አነሳለሁ። ይቺ ልጅም ትመጣለች።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሰፊው ውሃ ስንመለስ ጭጋግ ነበር። ወፍራም አይደለም፤ እንደ አሮጌ መጋረጃ፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይና የማያሳይ ዓይነት። መልሕቅ መሪው ላይ ነው። እኔ ከጎኑ መስፊያ እንጨቴን ይዤ ቆሜአለሁ። ጠጋኟ ማሽኑ ላይ አፍጥጣለች። ልጄና ሁለቱ ሠራተኞች ከኋላ ናቸው። ገና ሳንደርስ ጨዋታቸውን አቋረጡ። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤ ውሃውም ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ተኝቷል።

ፋብሪካው ከጭጋጉ ወጣ። እኔ እጄ ላይ ያለውን እሾህ አላይም፤ ሩቅ ያለውን ግን ቁጠሪ ብትሉኝ እቆጥራለሁ። አንድ ቀለበት። ሁለት። ሦስት። መስፊያዬን ብረቱ ላይ መታሁ፤ ለጠጋኟ የሰጠኋት ምልክት ይኼ ነበር።

«የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነን» አለች ቀስ ብላ።

መልሕቅ መሪውን አላዞረም። ቀጥ ብሎ ሄደ።

«አሥረኛው» አለች። ጀልባው በራስ ቅሎቹ ላይ እየረገጠ አለፈ። «ሠላሳኛው። አርባኛው።» ከኋላ ልጄ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ስሜቴን ልንገራችሁ። ባሌ ከጀልባው ሥር አብሮን የሚራመድ፣ በየእርምጃው ቀና ብሎ የሚያየን መሰለኝ። እኔ የማላምነው ሴትዮ፣ እግሬን ከወለሉ ላይ አነሳሁ።

«ሃምሳ ሰባት» አለች ጠጋኟ። «ከዚህ ወዲያ ነጥብ የለም አባባ። ከዚህ ወዲያ ጥርሶቹ ናቸው።»

መልሕቅ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ፊት ያያል። እጁ ቁልፉ ላይ ነው፤ ገና አልተጫነውም።

«ስንት ቀለበት ይታይሃል?» አልኩት።

ወደ መስታወቱ ይበልጥ ተጠጋ።

«መልሕቅ! ስንት ይታይሃል?»

«አንድ» አለ። «አንድ... ቀይ ነገር።»

«ልጄ! መሪውን!»

ልጄ በአንድ ዝላይ ደርሶ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ጀልባው ተንጋደደች። ከሥራችን አንድ ነገር ሆዷን ከፊት እስከ ኋላ ጫራት፤ ቀስ ብሎ፣ በር እንደሚጭር ሰው ጥፍር። ከዚያ ድምፁ ቀረ። ወደ ኋላ ሳይ ነጭ አረፋ ነበር፤ አረፋው ውስጥ ጥቁር ጫፍ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ።

 መልሕቅ ከመሪው ሸሽቶ የመረቡ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ተሳሳትኩ» አለ በመጨረሻ። «ጭጋጉ ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ጭጋግ ነበር?» አልኩት። «ስማኝ። ያ የሞተ ሰው ዱካ አይደለም። የሚታወር ሰው ዱካ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ቀለበቶቹን ከሩቅ ትቆጥር ነበር፤ ስለዚህ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ተከመሩ። ዓይንህ ሲደክም ትንሽ ካልቀረብክ አልታይ አለህ፤ ነጥቧም ትንሽ ቀረበች። ከዚያ በጣም ካልቀረብክ አልታይ አለህ። ወንድምህ አንድ እርምጃ አልተራመደም። የተራመድከው አንተ ነህ። ወደ ድንጋይ! ልጄን ይዘህ!»

ጠጋኟ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ምሽት ላይ መብራት ሲያዩ ዙሪያው እንደ ጸጉር ይበተንብዎታል?»

«ይበተናል።»

«ነጭ ነገር የተጋረደብዎ ይመስልዎታል?»

ዓይኑን በመዳፉ አሸ። ከዚያ ከመልሕቅ አፍ ይወጣል ብዬ ያልጠበቅኩትን ተናገረ። «አውቄዋለሁ መሰለኝ። እነሱ የልጁ አባት ወደ ቤት እየመጣ ነው ሲሉ ሰማሁ። ወንድሜ እየመጣ ነው ማለት፣ ዓይኔ እየሄደ ነው ከማለት ቀለለኝ። ዓይን የሌለው መርከበኛ ምን ይደረጋል? የብስ ላይ ተቀምጦ የወሬ ማራገፊያ ይሆናል።»

አዘንኩለት። ግን አላሳየሁትም፤ ሐዘኔታ ያየ ግትር ሰው መልሶ ይጠነክራል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አልኩ። «የዓይን ሞራ ነው። እህቴ ከሸሸገችው ጠፋባት፤ ጎረቤቷ ግን ሐኪም ቤት ሄዳ ተገፍፎላት ዛሬ መርፌ ትሰካለች። አንተ ደግሞ ለመሪ ካልሆንክ ለምክር ትሆናለህ።»

«ነጥቦቹስ?» አለ። «እትዬ፣ እነሱን ካጠፋኋቸው እሱ የቱ ጋ ነው ያለው? መቃብር እንኳ የለው።»

ይኼ ቀልድ የማይመለስበት ጥያቄ ነበር። የመለሰችው ልጅቷ ናት። «አባባ፣ ሃምሳ ሰባት መቃብር ያለው ሰው አንድም መቃብር የለውም። አንዱን እናስቀር፤ የመጀመሪያውን፣ እውነተኛውን። እሱን ሌላ ሥዕል እንሰጠዋለን፤ ስምም እንጽፍበታለን። ከዚያ በፊት ሁሉንም እንዳለ ሚሞሪ ካርድ ላይ እገለብጥልዎታለሁ፤ ካርዱን እቤትዎ ያስቀምጡት። ሰላምታዎችዎ አይጠፉም። መንገድ ላይ አይቆሙም እንጂ።»

አሰበ። መልሕቅ ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አንቺ አጥፊ» አለ፤ «እኔ ግን አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ወደቡ ላይ ታስረን ሥራው ተጀመረ። ማሽኑ ለእያንዳንዷ ነጥብ ይጠይቃል፤ ይጥፋ ወይ ይላል። ልጅቷ ታነባለች፤ እሱ «ይጥፋ» ይላል። አንዷ ትጠፋለች። ዱካው ከወደቡ በኩል ወደ ኋላ እየተሸበሸበ ሄደ። ባሌ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ መንቀል አቃተኝ። አንዷ ስትቀር ቆመች።

«ስሙን ምን ልበለው?» አለችኝ። እሱን ሳይሆን እኔን ጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ናት።

«‹እዚህ ዙር› በይው» አልኩ። «ባሌ በሕይወቱም መንገድ ላይ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረም።»

መልሕቅ ሳቀ፤ እንባውም ወረደ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ይቅለው ብዬ ወደ ውጭ አየሁ።

ከዚያ ጠጋኟ ግንባሯን ቋጠረች። «አንድ ሌላ አለ» አለች። «ከሰልፉ ውጭ ነው። ከጥርሶቹ አልፎ፣ ወደቡ ውስጥ። እዚህ ድረስ የመጣ ነው።» ሥዕሉን አሰፋችው። ነጥቧ ያረፈችው ከሦስተኛው የማሰሪያ ብረት ሥር ነው። የኔ መቀመጫ ላይ። ጀልባዋ ደግሞ አንድም ቀን እዚያ ታስራ አታውቅም፤ ቦታዋ በወዲያኛው ጫፍ ነው። ቀኑን ብታየው ጀልባዋ ለቀለም የብስ ላይ የተጎተተችበት ሳምንት ሆነ።

«ማሽኑ አንዳንዴ ይስታል» አለች፤ ግን ድምፅዋ አልጸናም። «ላጥፋው እማማ?»

«ተዪው» አልኳት። ምክንያት አልጠየቅኩም። ሁሉ ነገር አይጠየቅም።

አሁን ጥቅሙን ስሙ። ማሽኑ ዛሬ የሚጮኸው ጥርሶቹ ጋ ብቻ ነው፤ ሲጮህም ሁሉም ቀና ይላል። ልጄ መሪውን ይዟል። በጉም ጊዜ «እዚህ ዙር» የሚለውን ይመርጣል፤ ቀለበት ታየ አልታየ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የአባቱ ቦታ በደህና ወደ ቤት ይመልሰዋል። ነጥቦቹ ስም ስላላቸው የቱ ጋ ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ አዲስ ሠራተኛ እንኳ አይስትም። ግልባጩ መልሕቅ እቤት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ነገ ቢሰምጥ እውቀቱ አይሰምጥም። መልሕቅ ራሱ የቀኝ ዓይኑ ሞራ ተገፍፎለታል። ፋሻው የተፈታለት ለት ወደቡ ድረስ መጥቶ ከጎኔ ቆመና ጭስ ማውጫውን አየ። «አራት ናቸው እንዴ?» አለኝ። አራተኛውን ከዚያ ጉዞ ወዲህ ቀብተውት ነበር፤ ማንም አልነገረው፤ እሱም አላየ። የግራው ተራ ይዟል። እስከዚያ ከልጄ አጠገብ ተቀምጦ ማዕበልን ያስተምረዋል፤ የወሬ ማራገፊያም አልሆነ።

ወደቡ ላይ አሥራ ስምንት ጀልባዎች አሉ። ጠጋኟ የሰባቱን ማሽን አጽድታለች። ከሰባቱ በሁለቱ ላይ የመዞሪያ ነጥባቸው እየተደጋገመ ወደ ጥርሶቹ የሚሳብ ሰልፍ አገኘን። ሁለት ሰዎች! ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

እንግዲህ ሊቀመንበር፣ ወደ አንተ ልመለስ። ስሜን ወረቀቱ ላይ አልፈልግም፤ ብትጽፈውም አላነበውም። የምፈልገው አምስተኛ መስመር ነው። እንዲህ ብለህ ጨምር፦ ነጥብ ቦታውን ከለቀቀ ማሽኑን ከመጠርጠራችሁ በፊት የጫነውን ሰው ዓይን አስመርምሩ፤ መሪ የሚይዝ ሁሉ በዓመት አንዴ ይታይ። ጠጋኟ ይህን ጽፋ ስታመጣልህ ደግሞ በሩን እንዳትዘጋባት። ባለፈው ልጠይቅህ የመጣሁ ጊዜ ወረቀት ስታነብ አይቼሃለሁ፤ ክንድህን እስከ ጫፉ ዘርግተህ፣ አንገትህን ወደ ኋላ ሰብረህ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ማክሰኞ ጠዋት ወደቡ ድረስ ይመጣል። ከሦስተኛው ብረት ሥር እጠብቅሃለሁ። መጀመሪያ የምትገባው አንተ ነህ።